የጓያ ደቦና ጥቁሩ ጃንጥላ

ኮሌጅ የገባሁት የንግድ ሥራ አመራር ልማር መሆኑን ስነግራቸው አጎቴ የያዙትን ሞፈር መሬት ላይ አስቀመጡ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ አባቴ ከሞተ ጀምሮ መሬታችንን የሚያርሱልን፣ ችሎት ሲኖርም ቆመው የሚከራከሩልን እሳቸው ነበሩ። ከዚያም ጨው ለመሸጥ ይህን ያህል ዓመት ወንበር ላይ መቀመጥ ለምን እንዳስፈለገ ጠየቁኝ።

አልፈረድኩባቸውም። በፎገራ ሜዳ ሰው ወይ ያርሳል ወይ ይቀድሳል። ንግድ ማለት ከአንበሳሜ ሐሙሲት፣ ከሐሙሲት ወረታ አህያ እየነዳ የሚመላለስ ሰው ሥራ ነበር፤ እሱም ቢሆን ከአህያው ኋላ መጽሐፍ ይዞ ሲሄድ አልታየም። እናቴ ግን ነገሩን በሌላ መንገድ ያዘችው። ልጅሽ ምን ይማራል ብሎ ለሚጠይቃት ሁሉ «አዲስ አበባ ነው ያለው» ትላለች። ይህ መልስ አልመስል ያለው ሰው ካለም ያንኑ ደግማ ትነግረዋለች።

እውነቱን ለመናገር እኔም ትምህርቱን በፍቅር አልመረጥኩትም። በምዝገባው ቀን የሕግ ትምህርቱ ሰልፍ ግቢውን ዞሮ በሩ ላይ ደርሷል፤ የንግድ ሥራው ሰልፍ ግን አጭር ነበር፣ ያውም ዛፍ ጥላ ሥር። ጥላው ሥር ቆምኩ። ስሜን ሲጽፉኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ የተጻፍኩበትን ነገር ያወቅሁት ግን በማግሥቱ ነው።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ እንግሊዝኛው ነው። ከዘመናዊው ትምህርት በፊት ቄስ ተማሪ ቤት ዳዊት ደግሜ ስለ ነበር ያልገባኝን ነገር እንዴት እንደምይዝ አውቃለሁ፤ በዜማ ነው። ስለዚህ የአመራሩን መጽሐፍ ከእራት በኋላ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዝኩ አዜመው ጀመር። ማቀድ፣ ማደራጀት፣ መምራት፣ መቆጣጠር፤ አራቱንም እንደ ውዳሴ ማርያም አወርዳቸው ነበር። አብረውኝ የሚያድሩት ልጆች መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ ተቆጡ፣ ፈተና ሲደርስ ግን አጠገቤ መጥተው አብረውኝ ማዜም ያዙ።

የአመራር መምህራችን ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ቀጭንና ረጅም፣ ከሱሪው ላይ የጠመኔ ብናኝ የማይጠፋ ሰው ነበር። በሦስት ነገር ያምናል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሠራተኛ ይቆጠር፤ ለእያንዳንዱ ሰው ሥራው ተለይቶ ይሰጠው፤ ከሁሉ የበለጠው ደግሞ በሰው ፊት ይሸለም። ይህን የመጨረሻውን ሲያስተምር ድምፁ ሳይቀር ይለወጣል። ሰው በዚህ ዓለም ከምንም በላይ የሚፈልገው ሥራው እንዲታይለት ነው ይለናል። በአገሩ አንድ ሠራተኛ ፎቶግራፉ ግድግዳ ላይ ስለ ተሰቀለለት ብቻ የሁለት ሰው ሥራ ሲሠራ አይቷል። እኔም አመንኩት፤ የእኔ ፎቶግራፍ ቢሰቀል የሦስት ሰው የምሠራ መስሎኝ ነበር።

የሁለተኛ ዓመቴ የመንፈቅ ዕረፍት ሲደርስ ወደየቤታችን ሄደን አንድ ሥራ እንድንመለከት፣ እንድናሻሽል፣ ያሻሻልነውንም ጽፈን እንድንመጣ አዘዘን። የአዲስ አበባ ልጆች የአባታቸው ሱቅና መጋዘን ነበራቸው። እኔ የእናቴ ጓያ ነበረኝ።

አውቶቡሱ ወረታ ሲያወርደኝ በእጄ አዲስ ጥቁር ጃንጥላ ይዤ ነበር። ለሽልማት ብዬ ከመርካቶ የገዛሁት ነው። በየካቲት ጃንጥላ ምን ያደርጋል የሚል ሰው የፎገራን ፀሐይ አያውቃትም። ደግሞም በዚያ ዘመን ጃንጥላ ከካህንና ከዳኛ እጅ ውጭ እምብዛም አይታይም። ከመንገዱ እስከ ቤታችን ስሄድ ሁለት ሰው ከበቅሎ ወርዶ ሰላምታ ሰጠኝ፤ ሲቀርቡና ማንነቴን ሲያውቁ ግን ተናደው ተመልሰው ወጡ።

ቤት ስደርስ እናቴን ጭንቅ ይዟት አገኘኋት። ጓያ የሚዘራው የክረምቱ ውሃ ከሜዳው ሲሸሽ፣ በቀረው ርጥበት ላይ ነው፤ የሚነሣውም ከሰብሉ ሁሉ በኋላ ነው። ጎረቤቶቻችን ነቅለው ጨርሰዋል። የእኛ ግን አጎቴን ወባ ጥሏቸው ዘግይተው ስለ ዘሩ ገና መሬት ላይ ነበር። የሰበካው ሽማግሎች ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተነጋግረው፣ ከብቱ ዓርብ ጠዋት ወደ ሜዳው እንዲለቀቅ ቆርጠዋል።

እኛ አገር ሰብል እስኪነሣ ከብት ከማሳ ይከለከላል። የተቆረጠው ቀን ሲደርስ ግን አጥርም ጠባቂም የለም፤ የአገሩ ከብት እንዳለ ቃርሚያውን ሊግጥ ይወርዳል። ያን ቀን መሬት ላይ የተገኘ ሰብል የላሞቹ ነው፤ ለምን ተበላብኝ ብሎ የሚከስም የለም። የእናቴ የዓመት ሽሮ፣ የከርሞ ዘሯ፣ ወረታ ገበያ ወርዶ ጨውና ላምባ የሚሆናት ሁሉ እዚያ ማሳ ላይ ቆሞ ነበር። ማክሰኞ የደብሩ በዓል ነው፣ ረቡዕ ጾም ስለ ሆነ ማለዳ ደቦ ማብላት አይቻልም፤ ስለዚህ ለሐሙስ ማለዳ ደቦ ጠራች። ያን ቀን ካልተነቀለ አለቀለት ማለት ነው።

ደቦውን የምመራው እኔ ነኝ አልኳት። ጠላውን ነው የምትመራው ወይስ ንፍሮውን ብላ ጠየቀችኝ። ሥራውን ነው አልኳት። ትንሽ አየችኝና ጌሾ ልትወቅጥ ሄደች።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ማሳውን በገመድና በችካል ከፋፈልኩት። በደቦ ልማድ ሰው ሁሉ ትከሻ ለትከሻ በአንድ ረድፍ ሆኖ እየዘፈነ ይሄዳል፤ ማን ስንት እንደ ነቀለ የሚያውቅ የለም። ይህ ለመምህሬ የሚነገር ነገር አልነበረም። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ቀጭን ድርሻ ለይቼ ችካል ተከልኩ። ይህን ስሠራ አንድ ጎረቤታችን ከማዶ እየሮጠ መጥቶ፣ መሬት በቀላድ ሊለካ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በዚያ ዘመን ገመድ ይዞ ማሳ ላይ የቆመ ሰው የግብር ሰው ነበር። ለትምህርት ነው ብዬ ባስረዳው የባሰውን ደነገጠ።

ጓያ የሚነቀለው ጤዛው ሳይነሣ ነው። ፀሐይ ከጠናችበት ፍሬው እጅ ሲነካው እየፈነዳ መሬት ላይ ይረግፋል፤ ከዚያ በኋላ የወፍ ሲሳይ ነው። ስለዚህ ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ወንዱም ሴቱም መጣ። እኔም ጉብታ ላይ ወጥቼ በጃንጥላዬ ጫፍ እየጠቆምኩ ሠራተኛ መቁጠር ጀመርኩ። ሦስት ላይ ስደርስ አንድ ሽማግሌ ፊታቸውን በጋቢ ሸፍነው ዞሩ። ቀጥሎ ያለው ሰው ቁጭ አለ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተሸጎጡ። አጎቴ ወደ እኔ መጥተው የጃንጥላውን ጫፍ ቀስ ብለው ወደ መሬት ዝቅ አደረጉት።

«ሰው አይቆጠርም» አሉኝ። «ከብትም ቢሆን አይቆጠር። ኮሌጁ ይኸን አላስተማረህም?»

ታዲያ ስንት ሰው እንደ መጣ በምን ይታወቃል ብላቸው፣ የመጣው መጥቷል አሉኝ። መልሱ ለጊዜው አላጠገበኝም፤ ጤዛው እንዳያመልጠኝ ግን ተውኩት።

ሁሉንም በየችካሉ አቆምኩና ንግግር አደረግሁ። ጃንጥላውን ከፍቼ ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። ዛሬ ድርሻውን ከሁሉ ቀድሞ የጨረሰ ሰው፣ ከሁሉ የሚበልጥ ጎበዝ መሆኑ በዚህ ሰው ሁሉ ፊት ይነገርለታል፣ ይህን ጃንጥላም ይሸለማል አልኩ። አንዲት ሴት በስመ አብ ስትል ሰማሁ። ጃንጥላው አስደንቋት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ከሠራተኞቹ መካከል አንድ ጎረቤታችን ነበር፤ ጠብደል ሰው ነው፣ ብቻውን የሁለት ሰው ማሳ ሲነቅል የኖረ። ገና ስጀምር ዓይኔን የጣልኩት በእሱ ላይ ነው። እሱም እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ ሁለት እፍኝ፣ ሦስት እፍኝ መዘዘ። ከዚያ ቀና ብሎ ግራና ቀኙን አየ። ሌሎቹን ቀድሟል። ወዲያው ቆመና ወገቡን በነጠላ ያስር ጀመር። አስሮ ሲጨርስ ፈታው። ቀጥሎ እግሬን እሾህ ወጋኝ ብሎ ተቀመጠ፤ እኔ እስከማውቀው ድረስ የዚያን ሰው ውስጥ እግር የሚወጋ እሾህ ፎገራ ላይ አልበቀለም።

እሱ ሲቀመጥ አጠገቡ ያለችው ሴት ቀዳሚ ሆና ተገኘች። ደንግጣ የነቀለችውን ታስተካክል ገባች። ከዚያ ወዲያ የሆነውን በኮሌጅ መጽሐፍ ፈልጌ አጥቻለሁ። ሰው ሁሉ አንገቱን እያዞረ ጎረቤቱን ያያል፤ ጎረቤቱ አንድ እፍኝ ከዘገየ እሱ ሁለት ይዘገያል። የሚዘፍን የለም። አንዱ ውሃ ሊጠጣ ይሄዳል፣ አንዱ ከሩቅ ሰው ጠራኝ ብሎ ይሄዳል። ፀሐይዋ ግን አልዘገየችም። ጤዛው እየተነሣ ነው፤ ከማሳው ዳር ፍሬው ጠሽ ጠሽ ሲል ይሰማኝ ጀመር።

ተናደድኩ። መምህሬ ሠራተኛ ሲዳከም በስሙ ጠርታችሁ አበረታቱት ይል ነበርና፣ ጠብደሉን ጎረቤታችንን በስሙ ጠርቼ፣ አንተ ልትቀድም እኮ ነው፣ ከሁሉ የምትበልጥ ጎበዝ አንተ ነህ ብዬ በሜዳው ላይ ጮህኩ። ሰውዬው ፊቱ አመድ መሰለ። ሆዱን ይዞ ጓያው ውስጥ ተኛ።

እዚህ ላይ ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀውን ነገር ለማያውቅ አንባቢ ልናገር። እኛ አገር ሰው የሚፈራው ዓይን ነው። የተመሰገነ ነገር በዓይን ይበላል። ስለዚህ ቆንጆ ልጅ ያላት እናት ልጇን አስቀያሚው ትለዋለች። የፎገራ ላም ማሰሮ ሞልታ ስትታለብ ባለቤቷ፣ ያው ታንጠባጥባለች ነው የሚል። ሰብሉ ያማረለት ሰው እንዴት ነው ሲባል፣ ዘንድሮስ ምንም አልል ብሎ ፊቱን ያጨማድዳል። እኔ ደግሞ ጃንጥላ ዘርግቼ፣ ከመካከላችሁ በዓይን የሚበላው የትኛው ነው ብዬ እያወዳደርኳቸው ነበር። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ለምን ያን ዕለት እንዳልታየኝ ቢጠይቁኝ፣ ያዜምኩት መጽሐፍ ውስጥ ዓይን የሚል ቃል ስላልነበረ ይመስለኛል።

በዚህ መካከል እናቴ የንፍሮውን ሞሰብ ተሸክማ ደረሰች። ማሳውን አየች። ግማሹ እንኳ አልተነካም። ሞሰቡን አስቀምጣ ከአጎቴ ጋር ጥቂት ተነጋገረች። አጎቴ ሲነግሯት ወደ እኔ አልጠቆሙም፤ ያን ውለታቸውን አልረሳውም። ከዚያ እናቴ መጥታ ጃንጥላውን ከእጄ ነጠቀችኝ። ስትቆጣ ድምፅዋ አይጨምርም፣ ይቀንሳል እንጂ፤ ያን ቀን ግን ሁሉም ሰማት።

«ልጄ ተሳስቶ ነው የነገራችሁ» አለች። «ይኸ ጃንጥላ የጎበዝ አይደለም። ጎበዝማ እዚህ መች አለና። መጨረሻ ለሚወጣው ሰነፍ ነው የሚሰጥ። እስከ ፋሲካ ድረስ እየዘረጋ ቤተ ክርስቲያን ይመላለስበታል፣ ያየው ሁሉ የፎገራ ሰነፍ መጣ ይበለው።»

የጠብደሉ ሰውዬ ሆድ ዳነ። እንደዚያ ያለ ፈውስ ጠበል ቦታም አላየሁም። ተነሥቶ ጎንበስ ሲል ጎንና ጎኑ ያሉትም አብረው ጎነበሱ። ችካሎቼ ወዲያው ተረገጡ፣ ገመዱ ከጓያው ጋር ተነቅሎ ክምሩ ላይ ተጣለ፤ ረድፉ እንደ ጥንቱ ትከሻ ለትከሻ ገጠመ። ዘፈኑም ተነሣ። ግጥሙ ስለ ጃንጥላ ነበር፤ ሁሉም ለጎረቤቱ እየመረቀለት። አጎቴ ሳይቀሩ፣ ያን ያህል ወባ ያደቀቃቸው ሰውዬ፣ እየዘለሉ ሲነቅሉ አየኋቸው።

እኔ ጉብታዬ ላይ ቆሜ ይህን ሁሉ በልቤ ለመጻፍ እሞክራለሁ። እናቴ መጣችና ምን እንደምጠብቅ ጠየቀችኝ። መሪ ነኝ አልኳት። መሪ እጅ የለውም ወይ ብላ በማሳው ዳር፣ ማንም ያልነካው ጥግ ላይ አቆመችኝ። ኮሌጅ ከገባሁ ወዲህ ከእርሳስ የከበደ ነገር ይዤ አላውቅም። ጓያው እጄን ቆረጠኝ፣ ወገቤ አልታዘዝ አለኝ፣ የነቀልኩትን ያህል አረገፍኩ። ቀና ስል ረድፉ ሩቅ ሄዷል። እንደገና ቀና ስል ማሳው ሁሉ አልቆ ሰው ዙሪያዬን ከቦኛል። በልማድ ወደ ኋላ የቀረን ሰው ሌላው ገብቶ ያግዘዋል። ሁለት ሰዎችም ሊያግዙኝ ጎንበስ አሉ፤ እናቴ በእጇ ከለከለቻቸው። የቀረችውን ጥግ ብቻዬን ነቀልኩ። ሽማግሎቹ ተቀምጠው፣ ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ይዘው፣ ሁሉም እየሳቀ አየኝ።

እናቴ ጃንጥላውን ዘርግታ አስያዘችኝ። እልልታ ቀለጠ። ጓያውም ፀሐይ አናት ላይ ሳትወጣ ወደ አውድማው ተግዞ አለቀ። በማግሥቱ ማለዳ የአገሩ ከብት ሜዳውን ሞልቶ ሲወርድ በእናቴ ማሳ ላይ ሳይቆም አለፈ፤ የሚቆምበት ነገር አልነበረውም።

ለመምህሬ ወረቀቱን ጽፌ ሰጠሁት፣ አልዋሸሁም። ለመጨረሻው ሰው ሽልማት መስጠት በየትኛውም መጽሐፍ እንደሌለ ነገረኝ፤ ግን ማሳው በስንት ሰዓት አለቀ ብሎ ደጋግሞ ጠየቀኝ። ማርኩ ለማልቀስም ለመሳቅም የማይመች ሆኖ መጣ።

ያ ግን በኋላ ነው። ዕረፍቱ እስኪያልቅ ድረስ ከእናቴ ጋር አኩርፌ ነበር። በሄድኩበት ሁሉ ባለ ጃንጥላው ይሉኛል። ሕፃን ልጅ እንኳ ሰላም ሲለኝ ይስቃል። ጓያውን ለማዳን ያን ማለቷ ትክክል ነው፤ ገባኝ። ዳር ላይ አቁማኝ፣ ሊያግዙኝ የመጡትን ከልክላ፣ በአገር ፊት መሳቂያ ማድረጓ ግን አልገባኝም፤ ጓያው ያኔ ድኖ ነበርና። ስመለስ እስከ ወረታ ሸኘችኝ። ከመንገዱ ዳር አውቶቡስ እየጠበቅን ሳለ አላስችል ብሎኝ ለምን እንዲያ እንዳደረገችኝ ጠየቅኋት። ግራና ቀኝ አይታ፣ ሰው አለመኖሩን አረጋግጣ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ከዚህ ሜዳ ሁሉ ኮሌጅ የገባህ አንተ ብቻ ነህ» አለችኝ። «ባለፍሁበት ሁሉ የእሷ ልጅ እኮ፣ የእሷ ልጅ እኮ ሲሉ እሰማለሁ። በሄድህ ቁጥር መርዶህ ይመጣል ብየ እንቅልፍ የለኝም። አሁን ግን አገሩ ሁሉ ስቆብሃል። ከእንግዲህ ማን ዓይኑን ይጥልብሃል? ሂድ፣ ደኅና ተማር።»

ሁለት ዓመት ያህል እዚያ ማዶ መጽሐፍ ሳዜም እሷ እዚህ ሆና እየፈራች እንደምታድር አንድም ቀን አስቤ አላውቅም ነበር። እጇን ልስም ስል አውቶቡሱ ደረሰ፤ እየገፋች አስገባችኝ። በመስኮቱ በኩል የሐሙሲት ሴትዮ፣ የሩቅ ዘመዳችን፣ ቅርጫት ይዛ አጠገቧ ስትቆም አየሁ። ሴትዮዋ ወደ እኔ እያየች፣ ይህ ነው እንዴ ኮሌጅ የሚማረው ልጅሽ ብላ ጠየቀቻት። እናቴ አውቶቡስ ውስጥ ላለነው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ መለሰች።

«ምኑን ተማረው» አለች፤ «ጓያ እንኳ ነቅሎ መጨረስ የማይችል። ዘንድሮም ይወድቃል።»

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ተመስግኜ አላውቅም።